ወራጅ አለ

ማኅተሙ ሳይደርቅ የይግባኙ ፍርድ፣
ከማርቆስ ተሳፈርሁ ወደ ቤቴ ልወርድ።
ስሜ ረታ ነው፤ ረትቻለሁ ዛሬ፤
አንዲት ትልም መሬት ገባች ከድንበሬ።
ሸንጎ ያሳደገኝ፣ ነገር ፈታይ ነኝ፤
ዳኛ ቢገላምጠኝ፣ ምስክር ቢከዳኝ፣
ካንድ ቃል ሁለት ቃል መግመድ የማይጠፋኝ።

ጎረቤቴ አንሙት፣ «አንሙት» ያሉት ሞተ፤
የሚስቱ የይታይሽ ነገር ያለ እማኝ ተጎተተ።
የወሰኑን ደንጊያ ያኔ ስንተክል፣
እሱ ነበር ያዡ፣ እኔ ስደለድል።
ዛሬ እሱ አፈር ነው፤ አፈር አይመሰክር፤
በሰኔ ጨለማ፣ ዝናብ ሲያንጎራጉር፣
አንድ ክንድ ገፋሁት። ሣሩም በቀለበት፤
በመስከረም ላየው፣ ጥንት የነበረበት።

ሚኒባሱ ሞልቷል፤ ከእግሬ ሥር ጆንያ ድንች፣
ከጎኔ ተማሪ፣ ራሷን ደፍታ የተኛች።
ጨሞጋን ስናልፍ ጀመረኝ ልማዴ፤
ሙግት ገጠምሁ በሆዴ፣
ከማን ጋር ብትሉ፣ ከመድኃኔዓለም ጋር፤
«በላ ልበልሃ!» ብዬ፣ እንደ ድሮ ነገር።

ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እረታው ነበረ።
መምህር ብቻ ቢሆን፣ ስሙ የከበረ፣
«ጌታዬ፣ በእርስዎ ጊዜ መሬት መች ጠበበ?
አምስት ልጅ በሁለት ጥማድ መቼ ጠገበ?»
ብዬ፣ እጅ ነስቼ በሄድሁ፣ ምክሩን አድንቄ፤
ደግ ሰው ሞልቶናል፤ እልፈዋለሁ ስቄ።

እሱ ግን፣
ጮቄን በቃሉ አቁሞ፣ ያውና በስተቀኝ፣
ደመና ያለበሰ፤ እኔን ካፈር ያበጀኝ፤
ከፍጥረት በፊት ያለ፣ ከአብ ጋር የተካከለ፤
በደሌን የሸፈነው ያ ሣር እንኳ በእሱ በቀለ።
ርስቱ የማን ሆነና ወሰን እገፋለሁ?
በየትኛው ችሎት ይግባኝ እላለሁ?

ይህን ሁሉ የያዘ፣ ይህን ሁሉ የቻለ፣
ጲላጦስ ደጅ ቆሞ እንዴት ዝም አለ!
እኔ ለአንዲት ትልም ሦስት ዓመት ለፈለፍሁ፤
በሐሰት መሐላ ስንቱን ችሎት አለፍሁ።
እሱ፣ አምላክነቱ ቅንጣት ሳይጎድልበት፣
ታዘዘ፤ እስከ ችንካር፣ እስከ ጦሩ ስለት።

ረዳቱ ቆርቆሮውን በመዳፉ መታ፤
«አማኑኤል! ወራጅ አለ!» አለና፣ ዝም አለ ላፍታ።
ሰሙን ሁሉም ሰማው፤ ጆንያው ተነሣ፤
ወርቁ ከእኔ ጋር ቀረ፣ እንደ ተፈረደ ካሣ።

አማኑኤል ወራጅ ነው። ከዙፋኑ ወርዷል፣
ዙፋኑን ሳይለቅ፤ ከበረት ተወልዷል።
እኔስ? ካንድ ክንድ መሬት መውረድ ያቃተኝ፣
ማተቡን አንገቴ ላይ ምን ብዬ አሰርሁኝ?

ወረድሁ።

በማግሥቱ፣ በቀን፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣
ዶማዬን ይዤ ሄድሁ፤ ፍርድ ቤት አላዘዘኝ።
የጥንቱን ጉድጓድ ብቆፍር፣ ከሥሩ ከሰል ወጣ፤
አንሙት እኔ ሳላይ ቀብሮት፣ አፈርም ቃል ሊሰጥ መጣ።
ደንጊያው ተመለሰ። ይታይሽ ከደጇ ቆማ አየች፤
አልመረቀችኝም። «ይታያል» ብቻ አለች።
መንደሩ ግን ሳቀ፦ «ረታ ተረታ!»
እውነት ነው። ተረታሁ፣ ለወረደው ጌታ።

አሁንም ሳርስ፣ በሬዬ ጥጉ ላይ ሲደርስ፣
ወደዚያች ትልም ያጋድላል፤ ልቤም አብሮት ሲቀላውስ፣
«ተመለስ!» እላለሁ፤
ለእሱ ይሁን ለእኔ፣ እንጃ። ብቻ እላለሁ።