የማህደር ጉዳይ

አስካለ፣ ጠይቀሽኝ የለ፣ ልንገርሽ አካሄዱን፤
ፍርድ ቤት ነው ብለሽ አትፍሪ መንገዱን።
ሱ ፎልስ መሀል ከተማ ከአውቶቡሱ ወርደሽ፣
በረዶውን ከጫማሽ በሩ ላይ አራግፈሽ፣
ቁልፍሽን፣ ሳንቲምሽን፣ ቀበቶሽን ሳይቀር
ለዘበኛው ሳህን ትሰጫለሽ።

ሁለተኛ ፎቅ። ሦስተኛው መስኮት።
«ለምን ፈለግሽው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤
መዝገቡ የሕዝብ ነው ይላሉ።
እኔ ግን መልስ አዘጋጅቼ ነበር፣
አውቶቡስ ላይ ስደጋግመው የመጣሁት፦
«ልጄን ሊያገባ ነው።»
ሳይጠይቁኝ ሲቀሩ አፈርኩ።

የድሮ ሰው ለጋብቻ ይቆጥር ነበር ሰባት ቤት፤
እኔ ኮዲ ሊንድግሬንን ልቁጠረው በየት?
አያቱ ከየት እንደመጡ እሱም በቅጡ አያውቅ፤
ማህደር ትወደዋለች፤ እኔ ግን ልወቅ፣ ጥቂት ልወቅ።

ስክሪኑ ሲበራ የአባት ስም ይቀድማል፣ የራስ ይከተላል፤
እዚህ አገር ሰው በአባቱ በኩል ይፈለጋል።
የትውልድ ቀኑን ካወቅሽ ጨምሪ፤
ሞክሼ ብዙ ነው፣ የሌላውን ጥፋት በሙሽራሽ እንዳትቆጥሪ።
ደግሞ «ተከሷል» ማለት «አድርጓል» ማለት አይደለም፤
መጨረሻውን ሳታነቢ ፊትሽ አይጨልም።
ክስ ከላይ ሆኖ ይጮኻል፤
ፍርድ ከገጹ ግርጌ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ኮዲ። አንድ መስመር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ፦
ከተፈቀደው ፍጥነት አሥራ አንድ ማይል በላይ።
ቅጣቱን ከፍሏል።
የልጁ ገበና ይኸው ነው።
ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ እውነቴን ነው፣ ቅር አለኝ፤
ሙሉ ቀን ከሥራ ቀርቼ!

ከዚያ እጄ፣ እጄ ነው፣ እኔ አላዘዝኩትም፣
ሌላ ስም ጻፈ።
ወንዳፍራሽ። ጥላዬ።
በአንድ ኤል እምቢ አለ። በሁለት ኤል መጣ።

አማቼ ባሻ ወንዳፍራሽ፣ ባሕር ያልተሻገሩት፣
ዳኛ ፊት አንዴ ብቻ ቆመው፣ በድንበር ሙግት፣ የረቱት፣
በማያውቁት ግዛት ተከሳሽ ሆነው ሰፍረዋል፤
ልጃቸው ከኋላቸው፣ ከነጠላ ሰረዝ ማዶ ቆሟል።

ጥር። እኔ ከመምጣቴ ሁለት ዓመት በፊት።
ያለ ፈቃድ ሰው ቤት መገኘት።
ቦታው፦ ሳንቲም የሚበላ ልብስ ማጠቢያ ቤት።
ሰዓቱ፦ ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል።
ተከሳሹ ከማድረቂያው ጀርባ ተኝቶ ተገኘ።
የተከሳሽ አድራሻ፦ የለም።
ክሱ ተሰርዟል።

አስካለ፣ በዚያው ጥር ደብዳቤ ጽፎልኛል።
«ቤቱ ሞቃት ነው» ይላል፤
«ሌሊቱን ሙሉ የሚሞቅ ግድግዳ አለው።
ድምፁ ብቻ ትንሽ ያስቸግራል፤
ጎረቤቶቼ ልብስ ማጠብ ይወዳሉ።»

አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ኖርን።
አንድም ቀን ማጠቢያ ቤት አብሮኝ አልገባም፤
ዘንቢሉን በሩ ድረስ ተሸክሞ
ውጭ፣ ብርድ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።
ስንፍና መስሎኝ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ።

ግልባጭ ከፈለግሽ በገጽ ጥቂት ሳንቲም ነው።
የእኔ ሳንቲም ዘበኛው ሳህን ላይ ተረስቶ
ወርጄ፣ አምጥቼ ከፈልኩ።
ልጅቷ «ማኅተም ይመታበት?» አለችኝ።
«አያስፈልገውም» አልኳት፣ «ፊርማውን አውቀዋለሁ።»

ማታ ልጄ «እማ፣ የት ዋልሽ?» ስትለኝ
«ማህደር ሳገላብጥ» አልኳት።
ስሟን የጠራሁ መስሏት ሳቀች።
ኮዲ ደጅ ላይ ቆሞ
በረዶውን ከትከሻው ያራግፋል፣ ግባ እስኪሉት።
«ግባ» አልኩት።
«ግባ ልጄ፣ ፈቃድ አያስፈልግህም።»