በጎኑ ሣለው

ሞጣ መግቢያ፣ ከቅስቱ፣ ሦስት ነበሩ በቆርቆሮው ላይ፤
ሦስት ባለ ቆብ፣ ፊት ለፊት፣ ከኋላቸው ሰማይ።
መሰላሉን ይዤ፣ ጣሳ ተሸክሜ፣
ይቀባል ግራጌታ አባቴ፣ እኔ ከሥር ቆሜ።

በዓመቱ ካድሬው መጣ። «ይሄን አጥፋው» አለ።
አባቴ ሰማያዊ ቀባ፤ ሰውዬው ሰማይ ሆኖ ቀለለ።
በሌላው ዓመት ደግሞ «ይሄንም» ተባለ።
ሰማዩ ሲበዛ አንዱ ብቻ ቀረ፣
ቦታው ስለ ሰፋው ትከሻው ጨመረ።

ሬድዮው ማርሽ ሲያሰማ ጠላ ቤቱ ዝም ይላል፤
«ዛሬስ ማን ሰማይ ሆነ?» አንዱ ይጠይቃል።

አሥረኛው በዓል ሲቃረብ ካድሬው ጥቅል ይዞ መጣ፤
ሦስት ጢማም ፈረንጆች በአንድ ወረቀት ገቡ ሞጣ፤
ሦስቱም በጎን የዞሩ፣ አንድ አንድ ዐይን፣ አንድ አንድ ጆሮ፣
ጭልፊት መጣ አልመጣ ብላ እንደምታጣራ ዶሮ።
«የእኛንም ሰው» አለ፣ «ከነሱ ኋላ፣ በጎኑ ሣለው፤
ዐይኑ ማየት ያለበት ወደ መጪው ዘመን ነው።»

አባቴ ዝም አለ።
ብሩሹን በጋዝ ነከረ፣ ጠረገ፣ ደግሞ ነከረ።

በጊዮርጊስ ግድግዳ ላይ ሃያ ዓመት የሣለ ሰው
ጻድቁን በሁለት ዐይን፣ ፊት ለፊት ነው የሚያኖረው፤
በጎኑ፣ በአንድ ዐይን የሚሣል ማን እንደ ሆነ
ይሁዳን ያየ ሕፃን ያውቃል፣ ሞጣ ተወልዶ ከሆነ።

«እንደ ትእዛዙ» አለ። ሳቁን ዋጠ ጢሙ ውስጥ።
ጢማሞቹን በአዲስ ቆርቆሮ፣ እሱን በዚያው፣ ሳይለውጥ።

የበዓሉ ለት ከቅስቱ ሥር አገሩ ተሰበሰበ፣
ቀና ብሎ አየ፣ ሳል ያዘው፤ ነጠላ አፉ ላይ ደረበ።
ካድሬው አጨበጨበ።
ታናሼ ባንታምላክ ብቻ፣ አሥር ዓመቱ ነው ያኔ፣
«ሌላኛው ዐይኑስ የት አለ?» ብሎ ጮኸ ከጎኔ።
«በማናየው በኩል» አለው አባቴ፤ «ወደ ሰሜን ያያል።»

ያን ለት ቀልድ ነበር።

በአምስተኛው ዓመት፣ በገበያ ቀን፣ ከቅስቱ ሥር ኦራል ቆመ፤
ጨው ሊገዛ የወጣ ልጅ ጠመንጃ ተሸከመ።
ደብዳቤ አንድ ጊዜ መጣ፤ ሁለተኛ የለም።
ከዚያ ወዲያ ግራጌታ አጉማስ አልነካም ቀለም።

የካቲት ሰማንያ ሦስት ጦሩ በሌሊት ተነቀለ፤
ቦት ጫማ፣ ቀበቶ፣ ኮዳ፣ መንገድ ላይ ተጥሎ ዋለ።
ከሦስት ወር በኋላ ሬድዮው ስሙን አንድ ጊዜ ጠርቶ
«ከአገር ወጥቷል» አለ፤ ጢማሞቹን እዚሁ ትቶ።

እነሱን የጠላ ቤቷ ጓንቼ ለዶሮ ቤት ወሰደቻቸው፤
ዶሮዎቹም በአንድ ዐይን እያዩ ያድራሉ ከሥራቸው።
እሱን እኔ ወሰድኩት፤ ወጥ ቤታችን ያፈስ ነበር።
ቀለሙን ወደ ታች አድርጌ መታሁት፣ በስድስት ምስማር።

ጭስና ዝናብ ላጠው። አገጩ ረገፈ፤ ዐይኑ ረገፈ፤
ሰማዩም ቅርፊት ቅርፊት ሆኖ ድስት ላይ እየተራገፈ
ከሥሩ ቆብ ብቅ አለ። ቆይቶ ግንባር። ዘንድሮ ሁለት ሰው፣
ፊት ለፊት፣ በሙሉ ዐይን፣ አባቴን ቁልቁል የሚያየው።

እሱ መደብ ላይ በጀርባው ተጋድሞ ይቆጥራል፤
«ሰማይ የሆኑት ተመለሱ» ይላል።
ከዚያ ዝም ብሎ
ሌላ ቅርፊት እስኪወድቅ ይጠብቃል።