ደረጃው ሥር ያለው ሣጥን

ዴይተን፣ ኦሃዮ። የክላረንስ ሱቅ ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀረው፤
እኔ ከምድር ቤት ሸክላ አወጣለሁ፣ እሱ ያንኑ ነው፦
«ዘፈን ድሮ ቀረ! የዛሬው ኮምፒውተር ሲያስነጥሰው።»
እሺ እላለሁ። የቅዳሜ ሒሳቤን የሚከፍለኝ እሱ ነው።

ደረጃው ሥር ግን ውሃ የነካው አንድ ሣጥን አገኘሁ፤
ሁሉም የሰባ ሦስት፣ ሁሉም ገዢ ያጡ። አንድ በአንድ ሰማሁ።
አንዱ ስለ መኪናው ጎማ ያለቅሳል፣
አንዱ «ቤቢ» ብሎ ጀምሮ በ«ቤቢ» ይጨርሳል፣
ከበሮው ከጊታሩ ተኳርፎ ለብቻው ይሄዳል።

«ጊዜ ሰፌድ ነው ክላረንስ፤ ገለባውን አበጥሮ ጥሎ
ፍሬውን ብቻ አስቀረልህ» አልኩት፣ ምላሴ ተስሎ።

መልስ አልሰጠኝም። የጎማውን ዘፈን መዘዘ፣
በእጅጌው ጠረገ፣ መርፌዋን አሳረፈ፣ መደርደሪያውን ያዘ፤
ያ ደረጃ ሲያይ የሚያቃስት ጉልበቱ ተወዛወዘ።
«ቨርና ጫማዋን አውልቃ የደነሰችው በዚህ ነው» አለ፤
«ይሄ ቤት ጸጉር ቤት ሳለ።»

የልጅ ልጁ ጃኒያ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ ነቀለች፤
«አያቴ፣ ይሄ እኮ አስቀያሚ ነው» አለች።
«በጣም» አለ፤ «ያኔም አስቀያሚ ነበረ።»
ድምፁን ጨመረ።