ትርፍ ብረት

ዘጠኝ ክረምት ሙሉ ከቤታችን ኋላ፣
ጆንያ ተከናንባ፣ ሰንሰለቷን ዝገት ሲበላ፣
ዶሮ ኮርቻዋ ላይ እንቁላሏን ጥላ፣
ቆማ ነበር። አባቴ ከሞተ ማንም አልነካትም፤
እናቴ አትሸጣት፣ ለሰው አታውሳትም።

ያማሃ ነች፤ ወባ መሥሪያ ቤት የጣላት፣
አባቴ በጨረታ በስምንት መቶ ብር የገዛት፣
የሸቤን ጭቃ ጠጥታ፣ የሰቃን አቧራ የቃመች፣
በሳሏ ብቻ ከሩቅ የምትታወቅ የነበረች።

ጥቅምት ሲገባ፣ ጭቃው ሲጠጥር ለእግሬ፣
ከኮቺ ገፋኋት፣ አዌቱን ተሻግሬ፤
ሙዘይን ጋራዥ ደጅ አቆምኳት፣ ትንፋሼን ቆጥሬ።

ሙዘይን፣ መነጽሩን በሲባጎ ያሰረው፣
«ኦሪጅናል» ሲል ድምፁ ዝቅ የሚለው፣
ጫማውን ደጅ ላይ እንዳወለቀ ሰው፣
«ከፋብሪካ የወጣችበት ቀን ነው» አለኝ «ልኳ፤
ብሎኗ በቁጥሯ፣ ቀለሟ በመልኳ።
ያልነበራትን አንድ ነገር የጨመርክባት ለታ፣
ስሟን የለበሰች ሌላ ናት በእሷ ቦታ።»

ታናሹ ነስሩ ሳቀ፣ እጁን በናፍጣ ታጥቦ፤
«ወንድሜ ሙዚየም ከፍቷል፣ ጋራዥ ነው ብሎ አስቦ።
መንገዱ ሌላ ሆኗል፤ ቤንዚኑ ሌላ ሆኗል፤
የዛሬን ነዳጅ በድሮ ጉሮሮ ማን ይውጣል?
የባጃጅ ካርቡራተር፣ ዲስክ ፍሬን ልግጠምላት፣
የጅሬንን ዳገት እያፏጨች ትውጣት።
የማይለወጥ እኮ ሬሳ ነው» ሲለኝ፣
ሬሳም ይለወጣል አልኩ በሆዴ፤ ማሰቤ አሳፈረኝ።

ለሙዘይን አደላሁ። ለምን ብትሉኝ፣
አባቴን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ማየት አማረኝ፤
ሳይታመም፣ ሳይከስር፣ ገና ሳይቆጣኝ።

ፈታታናት። ቀዩን ስንፍቅ ሰማያዊ ወጣ፣
ከሰማያዊው ሥር የመንግሥት ነጭ መጣ፣
ከነጩም ሥር ሌላ። የቱ ላይ ይቆማል?
«ነጩ ነው» አለ ሙዘይን፣ «ሌላው ይዋሻል።»
ፍሬቻዋ ከቬስፓ፣ ሽቦዋ ከሬዲዮ፣ አምፖሏ ከላዳ፤
አባቴ ሕይወቷን ያቆየው በልመናና በዕዳ።
ሁሉንም አወጣነው።

ከኮርቻው ጀርባ አንድ ጠማማ ብረት ነበር፣
አውራ ጣት የሚያህል፣ ብየዳው የማያምር፣
በካታሎጉ የሌለ፣ ለምንም የማይረባ፤
ሙዘይን «ትርፍ ነው» ብሎ መጋዙን አስገባ።
ቦታውን በሞረድ አለሰለሰው፤ እንዳልነበር ሆነ።
ብረቱን ቁራሌው ወስዶት በኪሎ ተመዘነ።

ኅዳር ላይ ተነሳች። ሦስቴ ብረግጣት፣
ነስሩም ሳይወድ በግዱ በጭብጨባ ተቀበላት።

ነዳኋት ወደ ቤት።
እናቴ እጇን እያደረቀች ወጣች፤
ቀለሙን አላየችም፣ ስለ ድምፁም ዝም አለች፤
ከኮርቻው ጀርባ ዳበሰች፣ ደግማ ዳበሰች፣
«እጀታዬስ?» አለች።

«አንተን ሳረግዝ፣ ስምንት ወር አልፎኝ፣
ወገቡን እንዳልይዝ ሆዴ ከለከለኝ፤
የሰርቦ መንገድ ጉድጓድ ለጥቂት ሊጥለኝ፤
በማግስቱ ብረት አጥፎ፣ ራሱ በይዶ፣ ‹ያዢ› አለኝ።
መበየድ አያውቅም እኮ።»

ሕርማታ ወርጄ፣ ቁራሌውን
«ጠማማ ብረት» ስለው፣ «ቀጥ ያለውስ የታል?» አለ፤
ክምሩ ቁመቴን ያህላል፤ እሱ እዚያ የለ።

ነስሩ «በኒኬል ልሥራው» አለ፤ ሙዘይን መነጽሩን አወለቀ፤
በእጁ የሞረደው ቦታ ከገዛ ዓይኑ ተደበቀ።

እናቴን ኮርቻው ላይ አስቀመጥናት። ከፊቷ ማንም የለ።
«ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እጅሽን ወደ ኋላ ላኪ» አለ።
እጇ ሄደ፤ አየሩን ጨበጠ፤ ቆመ።
ሙዘይን ተንበርክኮ ጠመኔ አነሳ፤
ነጭ በነጭ ላይ አይታይምና፣
ጣለው፤ ከሰል ለቀመ።