ስምንተኛዋ ክር

ኅዳር ነው፣ ኡልም ላይ።
ዳኑብ ይፍሰስ ይቁም በጭጋጉ አይታይ፤
የካቴድራሉ ጫፍ ከወገቡ በላይ ጠፍቷል፣
ድልድዩን የሚሻገር ሰው እግሩ ብቻ ይሄዳል።

ኦትማር ቫይድሌ በሬን ሦስቴ መታ፣
አርባ ዓመት የትራም ሽቦ ሲቀጥል ኖሮ የወጣ በጡረታ።
ያረጀ ኮምፒውተሩን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ፣
የማተሚያው ገመድ አንገቱ ላይ አርፎ፣
«ያንተ እጅ አይንቀጠቀጥም፤ የኔ እምቢ ካለኝ ሰነበተ» አለ።
እውነቱን ነው። ቀን የሆስፒታል ዕቃ እጠግናለሁ፣
ልብ የሚቆጥር፣ ደም የሚለካ፤
ማታ ማታ ደግሞ የጎረቤት ጓዝ ስነካካ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦
ከኮምፒውተሩ ወደ ማተሚያው ስምንት ክር መሄድ ሲገባው
ፋብሪካው ሰባቱን ዘርግቶ
ስምንተኛዋን ከመሬት ጋር አስሮ ተዋት።
ሳንቲም ይቆጠብ ተብሎ ይሆናል፤
አንዲት ክር ዕድሜዋን ሙሉ «የለም፣ የለም» ስትል ኖረች።

ሰባት አነሰ ወይ? ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።
እኛ በሰባት ቤት፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ስንቱን ጽፈናል፤
ግን «ሏ»ን የፈለገ፣ «ቋ»ን የፈለገ
ስምንተኛ በር አንኳኩቶ ዲቃላ ይለምናል።

ሄድቪግ፣ ነፍሷን ይማር፣ የሹራብ ንድፍ ትሥል ነበር፣
ነጥብ በነጥብ፣ በዚያ አረንጓዴ መስታወት፦
አጋዘን፣ የጥድ ቅርንጫፍ፣ ደግሞ አጋዘን።
ማተሚያው ግን ሰባት መስመር መትቶ ስምንተኛውን ይዘላል፤
በእያንዳንዱ አጋዘን ፊት ላይ ነጭ ሰረዝ ያልፋል።
«ወረቀቱ ያለው ይሁን» አለች፤
በየስምንተኛው ረድፍ ነጭ ሱፍ አስገብታ ሠራችው።
ኦትማር ዛሬም ለብሶታል። ክርኑ ሳስቷል።

«መስታወቱን አይቼው አላውቅም፤ የሌሊት ፈረቃ ነበርኩ» አለ፣
«ለብሼው ብቻ ነው የማውቀው።»

ስድስት ብሎን። ክዳኑ ሲነሣ የሲጋራ ሽታ ወጣ፤
ማን ያጨስ እንደነበር አልጠየቅሁም፣
እሱም ወደ መስኮቱ ዞረ።
ካሴት የሚቀዳውን እግር አገኘሁት፣ ሥራ ፈት፣
ካሴት ከቀረ ወዲህ ማንም ያላዘዘው።
«ሥራ አገኘህ» አልኩት።
ከመሬት የሚያስረውን ቀጭን መስመር በምላጭ ቆረጥሁ፤
ሲቆረጥ ድምፅ የለውም።
ሰማያዊ ሽቦ ከዚህ ወደዚያ፤ እርሳሱ ቀለጠ፣ አበራ፣ ደበዘዘ።
ከዚያ አሥራ ሁለት መስመር ቤዚክ፣
ሁለቱን ተሳስቼ እንደገና።

ማተሚያው እንደ ተረገጠ ድመት ጮኸ።
ጠርዙ የተበሳው ወረቀት ቀስ ብሎ ወጣ፣
ኦትማር መነጽሩን ሁለቴ ወለወለ፣
ወረቀቱን ደረቱ ላይ፣ ሹራቡ ላይ ዘረጋና
ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ አየ።

«ዓይን ነበራቸው» አለ።

ነበራቸው። ሁሉም። አንዳንድ ነጥብ፣
ልክ ስምንተኛው ረድፍ ላይ።
ሠላሳ አምስት ክረምት ዕውር መንጋ
ደረቱ ላይ ሲግጥ ኖሯል።

ሻይ አፈላሁ፤ አልጠጣም።
እኔ መበየጃዬን ሳቀዘቅዝ፣ እሱ ክርኑን ሲዳብስ ቆየን።
በኋላ፣ ዋጋ እንደሚከራከር ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ፦
«ማብሪያ ማጥፊያ ይገባበታል? ወደ ሰባት የሚመልስ?»

ይገባበታል። ከተሰበረ ራዲዮ ነቅዬ
ከጎኑ በስቼ ከተትኩለት።
በየትኛው ወገብ ሰባት፣ በየትኛው ስምንት እንደሆነ
ልጽፍበት ስል እጄን ያዘ።
ክፍያዬ አንድ ብልቃጥ የፕለም ማርማላታ፣
ክዳኑ ላይ የሄድቪግ ጽሕፈት፣ ዓመተ ምሕረቱ የለቀቀ።

አሁን ሌሊት ነው። ከወለሌ በታች
ማተሚያው ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሄዳል።
ጆሮዬን ምንጣፉ ላይ ጣልኩ፤
ሰባት ይሁን ስምንት
በድምፅ አይለይም።