አራት ሚሊ ሜትር

ጥር ነው በቶሩን፤ ቪስዋ ግማሹ በረዶ፣
ኮንስታንቲ መጣ በጭነት መኪና ማልዶ፤
ከኋላ በብርድ ልብስ፣ በገመድ ታስራ፣
እንደ ታማሚ ተኝታ ቅድስት ባርባራ።

«ማሞቂያ አስገባን፤ ሰዉን ደላው፣ ሞቀው፤
እሷን ወገብ ቆርጧት፣ ቀለሟን ጨነቀው፤
ይኸው ሆዷ ወጣ» አለን ቆቡን አውልቆ፣
ያጎበጣት እሱ ይመስል ተሸማቅቆ።

ቦጉሚዋ አንድ ዓይኗን እንደ አናጢ ጨፍና፣
በሳንቃው ጠርዝ አቅጣጫ ተመለከተችና፣
«ሜዳ ነበረች፤ አሁን ጉብታ ናት፤
ግን ዓይን ይዋሻል፣ በጨረር እንለካት።»

ቀይዋን የሌዘር ነጥብ ለቀቅናት በፊቷ፣
ከአገጭ እስከ አክሊል፣ ከግንቡ እስከ ጣቷ፤
አራት ሚሊ ሜትር ከሁለት ዐሥረኛ፦
ይህን ታህል ወጥታ ቀርባለች ወደኛ።
አምስት መቶ ዓመት ዝም ብላ ቆይታ
ምን ልትነግረን ነው የወጣች ከቦታ?

የኔ መብራት ሌላ ነው፤ ዓይን አያየውም፤
ምድጃ አጠገብ ጉንጭ ግን አይስተውም።
ከቀይ በታች ያለ፣ የሙቀት ወንድም ነው፤
ሞለኪውል ሲያገኝ «እንዴት አለህ?» የሚለው።
መልሱ ውዝዋዜ ነው፣ ለየራሱ ስልት፦
ውሃ በሁለት ትከሻ እስክስታ ስትወርድ፣
ሰም ረጅም ነውና ሲወናጨፍ እንደ ገመድ።
ጥድ ሙጫ ውስጥ ደግሞ ጠፍጣፋ ቀለበት አለ፤
ጠርዙ ላይ ያለው ሃይድሮጅን ግን መች በሜዳው ላይ ዋለ?
ላይ ታች ብቅ ጥልቅ፣ አያርፍ፣ አይፈታ፣
ሃያ ትሪሊዮን ጊዜ፣ ልብ አንዴ እስኪመታ።

(ይህን ለኮንስታንቲ አልነገርኩትም። ሻይ ሰጠሁት ብቻ።)

ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ፣ እንደ ሌባ ፈሪ፣
ከአክሊሏ ስንጥቅ አነሣሁ አንዲት ፍርፋሪ፤
አልማዙ ላይ ጫንኳት። ማሽኑ አጉረመረመ፤
መስመሩ ጋራ ወጣ፣ ሸለቆ ወርዶ ተመመ።

መጀመሪያ ሰሙ፤ ሁለት ሹል ጥርስ አወጣ፣
የስንት ዘመን ሻማ ተንኖ ፊቷ ላይ የመጣ።
ሰሙ ተናገረ፣ ወርቁ ግን ዝም አለ፤
የላኩበትን ብርሃን መለሰው እንዳለ።

ደግሞ ሌላ ጉብታ፣ ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ ላይ፣
ጓደኛው መቶ ዝቅ ብሎ ከጎኑ ሲታይ።
«ፕሮቲን ነው» አልኩኝ።
«የእንቁላል ነጭ ይመስላል፤ ሠዓሊው አያውቀውም፣
ከላይ ነው፣ ከሰሙም በላይ፤ ሃምሳ ዓመት አይሞላውም።»

ኮንስታንቲ ሻዩን አስቀመጠ። ጆሮው ቀላ።
«እናቴ…» አለና ቆየ። ከዚያም በኋላ፦
«ፋሲካ ሲመጣ፣ በቅዳሜው ዋዜማ፣
ሰዉ ሁሉ ሲተኛ፣ ቄሱም ሳይሰማ፣
የእንቁላል ነጭ መትታ በጨርቅ ትቀባታለች፤
‹ፊቷ አቧራ ጠጣ፣ ታብራ እንጂ› ትላለች።
እሷ ስትሞት እኔ… አምናም፣ ካቻምናም፤
ዶሮ አርቢ ነኝና እንቁላል አላጣም።»

ቦጉሚዋ አልተቆጣችም። መዝገቧን ገልጣ ጻፈች፦
«ሽፋን፦ የእንቁላል ነጭ። የቀባው፦» ብዕሯን አቆመች።
«የእናትህ ስም ማን ነበር?»
«ፔላጊያ።»
ጻፈችው፤ ከሰም፣ ከወርቅ፣ ከጥድ ሙጫው በታች።

«ታዲያ ትቃናለች?» ብሎ ጠየቀን ሲወጣ።
«በግድ ያቃናት ሁሉ ጣጣ ነው ያመጣ።
ተማሪ ሳለሁ ክራኮቭ አንዷን በብሎን ጨመቋት፣
ሌሊት ‹ቋ!› ስትል ሰማሁ፤ ለሁለት ሰነጠቋት።
እርጥበት እናጠጣታለን፣ ቀስ እያልን፣ በጠብታ፤
የምትችለውን ያህል ትመለስ ወደ ቦታ።»

መጋቢት ገባ። ቪስዋ በረዶውን ተፋ።
ነጥቧን ደግሜ ለቀቅኳት፦ ሦስት ነጥብ አንድ። አልጠፋ
ጉብጠቷ። ደወልኩለት።
«ሦስት?» አለ። «ሦስትስ ደግ ነው። ለፋሲካ ትደርሳለች?»
ከጀርባው ዶሮ ያባርራል አንድ ሰው።
«አትቀባትም፣ አይደል?» አልኩት።
ዝም አለ፣ እንደ ወርቁ፤
የላኩበትን ጥያቄ እንዳለ መለሰው።