የላዳዋ ፉጨት

ሁለት ቺንጋ በላች በሦስት ወር ላዳዬ፤
ፉጨቷ አልቆመም፣ አልቆመም ዕዳዬ።
ከፍራንኮ ስነሳ ፖስታ ቤት ይሰማል፤
ተሳፋሪ ይስቃል፣ የባጃጅ ልጅ ያማል።

ሶሬሳ ኮፈኗን ደግፎ በዱላ፣
«አስነሳት» አለና ቆመ ወደ ኋላ።
ጆሮውን አዘንብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ሰማት ለጥቂት ጊዜ ትንፋሹን አፍኖ።
ከሃይላንድ ውሃ ቺንጋው ላይ ጠብ ቢያረግባት፣
ዝም አለች ለአፍታ፤ ወዲያው አገረሸባት።

«ቺንጋው ምን በደለ? ና በዚህ በኩል እይ፤
ባንድ ጎን ተልጦ ክሩ አይታይም ወይ?
የዲናሞው ፑሌጃ ጠሞ እያኘከው፣
ይባስ ብለህ አንተ ወጥረህ አነቅከው።»

ከአዳማ ጋራ ላይ ነፋስ ክንፍ ያዞራል፣
ያለ ቺንጋ! እዚህ ብሎን ያንገራግራል።

ከሞተች ላዳ ላይ ኩሽኔታ አውጥቶ፣
ፑሌጃውን አቅንቶ፣ በሲባጎ ለክቶ፣
ቺንጋውን በአውራ ጣት ጫን አደረገና
«ይህችን ታህል ይርገብ፤ እስቲ ይተንፍስና።»

ማታ ቤት ደረስኩኝ፣ ሞተሯ ድምፅ የላት።
ፉጨት ስትሰማ ሮጣ በር የምትከፍት
ልጄ ሲምቦ ቀረች።
በገዛ ደጄ ላይ እንደ እንግዳ ቆምኩኝ፤
ክላክስ አደረግኩኝ።